የተረፈችኝ አንድ ቃል

በጥቅምት ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጂንካ ባለው አጥቢያችን ማስታወቂያ ሳነብ ወረቀቱ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል እኔም ወደቅሁ።

ሥራዬ ዜና መዘገብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ሰባኪም ዘማሪም አይደለሁም። ጸጋህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ማስታወቂያ» እላለሁ፤ ይስቃሉ። የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የጽዳቱን ተራ ሳነብ በየመሃሉ «ቀጥሎ» እል ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሙ ስሜን ጠየቀኝ።

«ቀጥሎ» አልኩ።

ባለቤቴን ወርቅነሽን እያሳየኝ፣ «እሷስ ማን ናት?» አለ።

«ቀጥሎ።»

ወርቅነሽ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

በወይጦ በኩል አርባ ምንጭ ሄደን ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ስትሮክ ነው። «ይህ አፌዥያ ይባላል» አለ እዚያ ያየኝ ሐኪም። «ሐሳቡ አለ፤ ቃሉ አይመጣለትም። ምን ያህል እንደሚመለስ አላውቅም።»

ሁሉንም እሰማለሁ። ውሃ ስፈልግ፣ ቀጥሎ። ሲያመኝ፣ ቀጥሎ። አንድ ቀን እግዚአብሔር እንዲወስደኝ ልለምነው አፌን ከፈትኩ። ቀጥሎ። ጸሎትም ተወሰደብኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጠያቂ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ጋሽ ማርቆስ ብቻ አልመለስ አሉ። የአጥቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከገዘር በሚኒባስ የሚመጡ፣ አፋቸውን በአሪኛ የፈቱ ገበሬ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እሑድ ማስታወቂያውን ወርቅነሽ ታነባለች። አንተ ቀጥሎ ትላለህ።»

ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ።

«ይስቁብኛል ነው? እኔ መጀመሪያ በአማርኛ ስጸልይ ‹ጌታ ሆይ፣ ነይ› አልኩ። ጉባኤው ሁሉ ሳቀ፤ ሚስቴ ሳትቀር። ጌታ ግን ‹ሴት ነኝ ወይ› ብሎ አልቀረም፤ መጣ። አንድ መክሊት ቀርቶህ እሷንም ትቀብራለህ? ተነሣ፣ አንተ ሰውዬ!»

በክራንች ሄድኩ። ወርቅነሽ አንዱን አነበበችና አየችኝ። ጉባኤው ጠበቀ። ጋሽ ማርቆስ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀጥሎ» አልኩ።

የሳቀም ነበር። ግን ከወደቅሁ ወዲህ ቃሏ ቦታዋ ላይ ስትውል ያ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊዚዮቴራፒ እየሠራሁ፣ ወርቅነሽ የየዕቃውን ስም ስትጀምርልኝ ለመጨረስ እየታገልኩ፣ መጀመሪያ «ውሃ»፣ ቆይቶ «ጫማ»፣ ከብዙ ወራት በኋላ ደግሞ «ወርቅዬ» ማለት ቻልኩ። ይህን የጻፍኩት በግራ እጄ ነው፤ የጠፋብኝን ቃል እሷ እየሞላችልኝ።

የሰው ፊት ሲጣመም፣ እጅ ወይም አንደበት በድንገት ሲከዳ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል አድርሱት። አስታማሚዎች ሆይ፣ ዝም ያለው በሽተኛ ይሰማልና ከአጠገቡ ስለ እሱ አታንሾካሹኩ። በሽተኞችም፣ የቀረላችሁን ትንሽ ነገር እስክድን ብላችሁ አታስቀምጡት። እግዚአብሔርን፣ ሐኪሞቼን፣ ወርቅነሽንና ጋሽ ማርቆስን አመሰግናለሁ።

ቀኝ እጄ አልተመለሰም። ባለፈው እሑድ ሦስት ማስታወቂያ ነበረ። ሁለት ጊዜ «ቀጥሎ» አልኩ።