መብራት ጠፍቶ የተሳለችው አበባ

ኮድ ስጽፍ ማንንም አልፈራም፤ ይሄን በኩራት ነው የምናገረው። መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባ አለኝ፤ የጻፍኩትን ባየ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ማን አሳደደሽ? ኮምፒውተሩ ትንሽ አጠራቅሞ አንዴ እንዲጽፍ ብትተዪው ፕሮግራምሽ ይፈጥን ነበር እኮ» ይለኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አቦ ተወኝ! አንተ እኛ ግቢ አልኖርክም።»

የእኛ ግቢ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። በባቡሩ ዘመን የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፍሎ፣ ቆጣሪው ግን አንድ ሆኖ ቀረ። ቆጣሪውን የሚያዘው ሼፍ ነው። ሼፍ በባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው፤ እሱም ባቡር ጣቢያው ውስጥ አለቃ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ አለቅነቱን ይዞ ግቢያችን ገባ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲከር ድሬ በሯን ትዘጋለች፤ የሚተኛው ይተኛል፣ ጫት የሚቅመው ፍራሹን ያነጥፋል። ሼፍ ደግሞ ዋናውን ማብሪያ ያወርዳል። ዱሮ በእንዲህ ያለ ሙቀት ሽቦው ግሎ ሲጨስ ስላየ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰውም ሽቦም ማረፍ አለበት ባይ ነው። የግቢው ሰው ለምዶታል፤ ምንጣፉን ይዞ ዛፉ ሥር ይወጣል።

ከእኛ በር ፊት ለፊት አዴ አለች። አዴ እናት እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት በዚሁ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይበረክትምና እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ» እያልኳት ነው ያደግኩት። እናቴ ማርያምን ስትዘክር ሽንኩርቱን የምትልጠው አዴ ናት፤ ኢድ ሲሆን ደግሞ እናቴ ከእሷ ቤት አትጠፋም። የአዴ እንጀራ ጥልፍ ነበር። ሁለቱን ትልልቅ ልጆቿን ስትድር ለኒካው ቀን የለበሱትን ነጭ ቀሚስ ከአንገት እስከ ጫፍ በገዛ እጇ ነው የጠለፈችው። የጥልፉ ሐረግ ከአንገት ተነስቶ፣ አበባ እያፈራ ይወርድና፣ ጫፉ ላይ ቅጠሎቿ ወደ ግራ ዘመም ባሉ አንዲት አበባ ያልቃል። ያንን ሐረግ ወረቀት ላይ ነድፋው አታውቅም፤ ከእጇ ነው የሚወጣው።

የትንሿ ልጇ ሠርግ ሲደርስ ግን ዓይኗ ከዳት። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቀርቶ፣ የሰው ፊት እንደ ጥላ ነው የሚታያት። ትንሿ ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ፈጣን ልብስ ሰፊ ናት፤ የእጅ ጥልፍ እንድትማር ስትለመን «ለዚህ ማን ጊዜ አለው!» እያለች ነው ያደገችው። አሁንም «አዴ፣ ከገበያ የተጠለፈ እንገዛለን፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ አዴን ምግብ አስጠላት። ሁለቱን አልብሳ ሦስተኛዋን ባዶ መስደዱ አንጀቷን እንደበላው ሁላችንም አውቀናል።

«አዴ፣ ዓይንሽ ነው እንጂ እጅሽ ምን ሆነ?» አልኳት አንድ ማታ።

ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ መሳያ ሰሌዳ ነበረኝ፤ በራሱ እስክሪብቶ የተሳለበትን መስመር ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ጠርዝ ጠርዙን ካርቶን ለጠፍኩለት፣ አዴ በጣቷ ዳብሳ ድንበሩን እንድታውቅ። ከዚያ ፕሮግራሙን ጻፍኩ። ሁለት ክላስ፣ ሁለት ክፍል በሉት፣ ብቻ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ አንባቢ። ጸሐፊው የእጇን እንቅስቃሴ ነጥብ በነጥብ ተቀብሎ ፋይል ላይ ያሰፍራል። አንባቢው ያንኑ ፋይል ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ እያነሳ ለጥልፍ ማሽን ያቀብላል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በቀጭኑ ይፈስሳል፤ ስትሪም፣ ጅረት፣ የሚባለውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አለ፤ ባልደረባዬና እኔ የምንጣላበት። ኮምፒውተር እያንዳንዷን ነጥብ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም። ውሃ ከቧንቧ በጆግ ቀድቶ በርሜል እንደሚሞላ ሰው ነው፤ ጆጉ እስኪሞላ ያጠራቅምና አንዴ ይገለብጠዋል። መብራት ከጠፋ በርሜሉ ውስጥ የገባው አለ፣ ጆጉ ውስጥ የነበረው ፈሰሰ ማለት ነው። እኔ ታዲያ የሼፍ ጎረቤት ነኝ! አዴ እስክሪብቶውን ባነሳች ቁጥር ጆጉ ሙሉም ይሁን ጎዶሎ እንዲገለበጥ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይከር ጀመርን። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ አይሠራም። አዴ ካርቶኑን ዳበሰች፣ «ቢስሚላሂ» አለችና ሐረጉን ከአንገት ጀመረችው። ወላሂ፣ ያ እጅ ማየት አያስፈልገውም! አንድ አበባ ከጀመረች እስክትጨርስ እስክሪብቶ አታነሳም። ሙሽራዋ ትንሿ ልጅ አጠገቤ ቆማ ስክሪኑን እያየች «እንዴ! የእህቴ ቀሚስ እኮ ነው!» ትላለች። አዴ በየመሃሉ የእጇን አንጓ እያሸች ታርፋለች፣ ሻይዋን ፉት ትላለች፣ ትቀጥላለች። የጥልፍ ማሽን ያለው ቤት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ ባለቤቱ ማሽኑን በዚያው ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ለእኛ ሊለቅልን ተስማምቷል። በማግስቱ የዩኒፎርም ሥራ ስለሚገባበት ሌላ ቀን የለንም።

የመጨረሻዋን አበባ እንደጀመረች ፋኑ ቆመ። ስክሪኑም ጠፋ።

«ሼፍ አጠፋው» አለች አዴ፣ እጇን ሳታቆም። «ያ ሰውዬ ሰዓቱን አይስትም።»

ላፕቶፑም አብሮ እንደጠፋ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሙሽራዋ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አዴ በሞተ ሰሌዳ ላይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቅጠል በቅጠል እየሳለች ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ሼፍን ከነቆጣሪው ደቻቱ ውስጥ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። አዴ የመጨረሻውን ቅጠል ወደ ግራ አዘመመች፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠች፣ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ጨረስኩ። አልሐምዱሊላህ» አለች። አንጓዋ አብጦ ነበር። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ አይቶ «አዴ፣ የመጨረሻዋ አልተጻፈችም» የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? ደግፈን አስተኛናት።

በቀጥታ ወደ ሼፍ ሄድኩ። ዛፉ ሥር ጉንጩን በጫት ሞልቶ ጋደም ብሏል።

«ሼፍ፣ በአላህ! ለትንሽ ጊዜ አብራልኝ።»

«አንቺ መጀመሪያ ፀሐይዋን አጥፊልኝ፣ እኔም መብራቱን አበራልሻለሁ።»

«የሠርግ ነገር ነው እኮ!»

«ቤቱ ከተቃጠለ ሠርጉን የት ልትደግሱት ነው?» ብሎ ወደ ዛፉ ግንድ ዞረ። ተበሳጭቼ ተመለስኩ፤ ማብሪያውን ራሴ ላነሳ ብሞክር ግቢው በሙሉ በእኔ ላይ እንደሚነሳ አውቃለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። አዴ እንቅልፍ ወስዷታል። ሙሽራዋ ጥፍሯን እየበላች «ሁሉም ጠፍቶ ይሆን?» ትለኛለች። «ኧረ ተይ! ማን ጻፈውና!» አልኳት። ፋይሉን በአንባቢው ከፈትኩት። ሐረጉ ከአንገት ተነስቶ ወረደ፣ ወረደ፣ አንድም ነጥብ ሳይጎድለው እስከ ጫፉ ደረሰ። የመጨረሻዋ አበባ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ያቺ ጆጉ ውስጥ ቀርታለች።

አዴን መቀስቀስ አልቻልንም፤ በዚያ ባበጠ እጅ እንደገና ሳዪ ማለት ግፍ ነው። ድንገት ሙሽራዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና «እኔ እስላታለሁ» ብላ «ጀምር» የሚለው ላይ ልትጫን ስትል እጇን ቸብ አደረግኩት።

«እጅሽን ሰብስቢ! እሱን ከነካሽው ፋይሉን እንደ አዲስ ነው የሚከፍተው። የእናትሽ ጠዋት ሙሉ ሥራ ድራሹ ይጠፋል።»

ክው አለች። ጸሐፊውን ከነበረው መጨረሻ ላይ እንዲቀጥል አድርጌ ከፈትኩላት። ያለውን አይነካም፣ ከኋላው ይጨምራል። እስክሪብቶውን ሰጠኋት። የፋብሪካ ማሽን እንደ ንፋስ የምትነዳው ልጅ ቀስ ብላ ሳለች፣ እስክሪብቶውን አነሳች፣ ጆጉ ተገለበጠ። ይሄኔ እኔ ፋይሉን ዘጋሁ። ባጃጅ ይዘን ድልድዩን ተሻገርን፤ ማሽኑም የተጻፈለትን በሙሉ ነጩ ቀሚስ ላይ ጠለፈ።

ስንመለስ አዴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋንላት። ጣቷ ከአንገት ጀመረ። በእያንዳንዷ አበባ ላይ ትንሽ ቆም እያለ ወረደ፤ ፊቷ ፈካ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ጣቷ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ዞራት።

«ይቺ የእኔ አይደለችም» አለች። «ቅጠሎቿ ሁሉ እኩል ናቸው። የፋብሪካ እጅ ናት።»

ሙሽራዋ እንባዋ መጣ። «መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አዴ። ያንቺዋ አልተጻፈችም።»

«አውቃለሁ። ፋኑ ሲቆም ያቺም የምታጓራው ላፕቶፕ አብራ ዝም አለች። የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ሳልሽ?» አልኳት፣ ደንግጬ።

«እናንተ ዝም ስላላችሁኛ! ምን እንደምታደርጉ ልይ ብዬ ነው።» ጣቷ አሁንም ከአበባዋ ላይ አልተነሳም። «ጥልፉ ከጎደለ ልጄ ከገበያ ትገዛለች ብዬ ነበር፤ በእጇ ትስላለች አላልኩም።»

አዴ የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘችና መዳፏን ገልብጣ ዳበሰችው፣ ልክ ካርቶኑን እንደዳበሰችው።

«ነገ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይገባ፣ እዚያች ሰሌዳ ላይ ቁጭ ትያለሽ። ወደ ግራ እንዴት እንደሚዘም አሳይሻለሁ።»

«አዴ! ሙሽራ ነኝ እኮ!»

«ሙሽራ እጅ የላትም?»

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ ወደ አዴ ቤት ተሻገርኩ። አዴ እጇን በልጇ እጅ ላይ ጭና ትጠብቀኝ ነበር። የትናንቱን ፋይል ከመጨረሻው እንዲቀጥል አድርጌ ከፈትኩላቸው።