በሩን የያዘ ግራ እጅ

ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ እስካሁን «ግራ እጅ እንዲህ ትላለች» ብዬ እጀምርና «ትል ነበር» ማለት እንዳለብኝ ትዝ ይለኛል። ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። እናቷ ያወጣችላት ደህና ስም ነበራት፤ ግን ሥራ ቦታ ማንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም። እኔም አሁን በስሟ ብጠራት የማላውቃትን ሴት የማማ ይመስለኛል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ሥራችን የአሻንጉሊት ፊልም ነው። አሻንጉሊቷ የአራት ዓመት ልጅ ታክላለች። አንድ ሰው ጭንቅላቷንና ቀኝ እጇን፣ አንድ ሰው ግራ እጇን፣ አንድ ሰው ደግሞ እግሮቿን ያንቀሳቅሳል። ሦስታችንም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰን፣ ፊታችንን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን፣ ጥቁር መጋረጃ ፊት እንሠራለን፤ ካሜራው እሷን እንጂ እኛን አያይም። ጭንቅላቷን የያዘውን ሰውዬ «ራስ» ነበር የምንለው፤ እሱ ግን ማዕረግ መስሎት ደረቱን ይነፋ ነበር። እኔ እግር ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ተንበርክኬ ስለሠራሁ ዛሬ ደረጃ ሳይ ጠላቴን ያየሁ ያህል ይሰማኛል።

ግራ እጅ ወደዚህ ሥራ የገባችው በመርፌ ነው። ልብስ ስፌት ቤት እጅጌ ብቻ ስትሰፋ ቆይታ የአሻንጉሊት ልብስ ልትሰፋልን ተቀጠረች። አንድ ቀን ግራ እጁን ይዞ የነበረው ልጅ ሥራውን ጥሎ ሹፌር ሆነ፤ ዳይሬክተሩም «ያቺ እጅጌ የምትሰፋው ትሞክረው» አለ። ችግሩ እሷ የምትሠራው በቀኝ እጇ መሆኑ ነበር። ምን አደረገች? ቀኙን ከሥራ አገደችው። ጥርሷን መፋቅ በግራ፣ ሻይዋን ማማሰል በግራ፣ ቁልፍ መክፈት በግራ ሆነ። ጎረቤቶቿ «ምን ነካሽ?» ሲሏት «ግራ ገብቶኝ ነው» እያለች ታስቃቸው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ያ የእንጨት እጅ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ምንም አልቀረው።

ባሏ በመኪና አደጋ የሞተው ልጃቸው ገና ስትድህ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ያደገችው እኛ ጋ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ በሽቦና በስፖንጅ መሀል ነው። እንቅልፍ ሲጥላት የአሻንጉሊት ሳጥን ውስጥ እናስተኛታለን። እናቷ ሥራ ላይ ሆና እንኳ ዓይኗ እሷ ላይ ነበር፤ ያየችውንም ሁሉ ወደ እጇ ታመጣዋለች። ልጅቷ ስታፍር የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፤ በማግስቱ አሻንጉሊቷም ትጠቀልላለች። ልጅቷ ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች፤ አሻንጉሊቷም ትነካለች። አንድ ቀን ልጅቷ «ይሄ የኔ ነው! እማ ሰረቀችኝ!» ብላ ጮኸች፤ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ሞተ። ጡት ማጎጥጎጥ ስትጀምር ያንኑ ነገር ደገመችው፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም። «እጅሽን ለአሻንጉሊቷ ሰጥተሻል፤ ለኔ የሚተርፈኝ የደከመው ነው» አለቻት። ግራ እጅ ወሬ ቀየረች።

በዚያች አሻንጉሊት የሠራነው ፊልም ተረት ነው። ከመሬት በታች የሚኖር ንጉሥ የአንዲትን ልጅ ጥላ ይሰርቃል። ልጅቷ ጥላዋን ፍለጋ በጉድጓድ ትወርዳለች። ከታች በር ሁሉ በረኛ አለው፤ በረኛ ሁሉ ደግሞ የሆነ ነገር ካልሰጠሽ አላሳልፍም ይላታል። አንዱ የወተት ጥርሷን ይወስዳል። ሌላው እናቷ ስታስተኛት የምታንጎራጉርላትን ዜማ። ሌላው ደግሞ፣ ይሄ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ጨለማ መፍራቷን ይወስድባታል። ሁሉንም ሰጥታ ጥላዋን ስታገኘው ጥላው ከእሷ ረዝሞ ይጠብቃታል። ይዛው ትወጣለች፤ የወረደችውና የወጣችው ልጅ ግን አንድ አይደሉም። ቤቷን አንድ ጊዜ ዞራ አይታ በሩን ከፍታ ትሄዳለች።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ ፍቺው እንደ አሸን ፈላ። ጉድጓዱ ማኅፀን ነው አሉ። ጥርሱ ልጅነት፣ ጥላው ገና ያልለመደችው ትልቅ ሰውነቷ ነው አሉ። ጉድጓዱን የሠራነው ከዘይት በርሜል ነው፤ ሽታው ከፀጉሬ አልለቅ ብሎኝ ሚስቴ ሶፋ ላይ አስተኝታኛለች። ቢሆንም አልስቅባቸውም፤ በርሜልም ማኅፀን መሆን ይችላል። አንድ ወጣት መምህር በሬዲዮ ስለ መጨረሻው በር ሲናገር ሰምቼው ሥራዬን አቁሜ አዳመጥኩት። ልጅቷ መላ አካሏ ከወጣ በኋላ ግራ እጇ ብቻ የበሩን መቃን ይዞ ይቀራልና፣ «ልብ ቆርጦ ሲሄድ ልጅነት በአንድ እጁ ይይዘዋል» አለ። ጥሩ አድርጎ ነው ያየው። እኔም እዚያ ባልኖር ኖሮ ይህንኑ አምኜ እሞት ነበር።

ግን እዚያ ነበርኩ። ያ ትዕይንት የተቀረጸ ዕለት የግራ እጅ ልጅ መድኃኒት ቅመማ ልትማር ወደ ሌላ ከተማ የምትሄድበት ቀን ነበር። አውቶብሱ ጠዋት ነው፤ ቀረጻው ከሰዓት በኋላ። እናትና ልጅ መናኸሪያ ድረስ አብረው ሊሄዱ ተነጋግረዋል። የአዳራሹ ባለቤት ግን በድንገት «እስከ እኩለ ቀን ዕቃችሁን አውጡልኝ» አለና ቀረጻው ወደ ጠዋት ተዛወረ። ግራ እጅ ለልጇ «አንቺ ቅደሚ፤ ቶሎ ጨርሼ እደርስብሻለሁ» አለቻት። ይህንንም ከልቧ አምናበት ነው ያለችው።

ከዚያ መብራቱ ተቃጠለ። መብራቱ ተቀይሮ ሲያበቃ ደግሞ በሩ አልዘጋ አለ። ግራ እጅ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ጥላን ብትሄድ ግራ እጁን የሚይዝ ሰው የለም፤ ነገ ደግሞ ለቀረጻው የሠራነው ቤት ፈርሶ ጣውላ ሆኗል። በመጨረሻ ተጀመረ። እኛ የምንነሳው በራስ ትንፋሽ ነው፤ ራስ ትንፋሹን ሳበ፣ እኔ እግሯን አነሳሁ፣ የበሩን ደፍ አለፍን። የታዘዝነው ሁለቱም እጆቿ ልቅ ብለው እንድትሄድ ነበር። ድንገት አሻንጉሊቷ ከበደችኝ። ቀና ስል ግራ እጇ መቃኑን ጨብጧል። ራስ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እኔ እከተለዋለሁ፣ እጁ ግን እንዳለ ቀረ። ክንዷ ተለጠጠ። ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ለቀቁ። ጭንቅላቴ የግራ እጅ ጎን ላይ ተለጥፎ ስለነበር የጎድን አጥንቷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

ዳይሬክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። «ይሄው ነው፤ አንደግመውም» አለ። ግራ እጅ ይህን እንኳ አልሰማችም፤ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ወጥታ ሮጣለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ሁሉ ሐዘን የደረሰባት መስሎት እየለቀቀላት ነበር አሉ። መናኸሪያ ስትደርስ አውቶብሱ ሄዷል። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ደቂቃ በሩ ላይ ቆማ ሾፌሩን ስትለምን እንደነበር አንድ ትኬት ቆራጭ ነገራት።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትደውላለች፤ እናት ትደውላለች፤ ስለ ጤና፣ ስለ ኪራይ ቤት፣ ስለ ፈተና ይወራል። ስለዚያ ቀን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። የሚገርመው ግራ እጅ ወሬ የማያልቅባት፣ ዳይሬክተሩን ሳይቀር ፊት ለፊት የምትዘልፍ ሴት ናት። ነገሩ ከሆዷ ሲሆን ብቻ አፏ ይተሳሰራል።

«ለምን ቁርጡን አትነግሪያትም?» እላታለሁ።

«ፊልሙን ያየች ቀን ይገባታል።»

«ባይገባትስ?»

«የኔ እጅ አይደል እንዴ፣ እግሬ! በዚህ እጅ ነው ያሳደግኳት። ይጠፋታል?»

ልጅቷ ግን ፊልሙን አታይም። አንዴ ጊዜ አጣች፤ አንዴ ኮምፒውተሯ ተበላሸ፤ ከዚያም ምክንያት መስጠቷን ተወች። አልፈረድኩባትም። የዚያን ቀን ከእሷ የበለጠውን ነገር ቁጭ ብላ እንድታይ ነው የምትጠየቀው። ግራ እጅ ግን በየስልኩ መጨረሻ «አየሽው?» ማለቷን አላቆመችም። «አላየሁትም» ስትባል ስልኩን ዘግታ ግራ እጇን እንደ ታመመ ሰው ታሸዋለች።

እንዲህ እያሉ ዓመታት ሄዱ። ልጅቷ ተመርቃ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፣ አገባች። ግራ እጅ መታመም ስትጀምር ልጅቷ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ሁለት ቀን ስታጥብ፣ ስታበስል፣ የእናቷን መድኃኒት በየሰዓቱ ስትለይ ዋለች። ልትሄድ ስትል፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ራሷ «እስቲ ያንን ፊልም ክፈቺው» አለች። ግራ እጅ እኔን ጠራችኝ። ብቻዬን አልችለውም ብላ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የስፌት መኪናው፣ እኛ። ልጅቷ ወለሉ ላይ፣ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ አየች። እውነቱን ልናገር፣ በደንብ ነው ያየችው። የቀሚሱ ጫፍ ሲጠቀለል ሳቀች። ዜማው ሲወሰድ ዓይኗን ጠረገች። ግራ እጅ ፊልሙን ጭራሽ አላየችም፤ የልጇን ማጅራት ነው የምታየው። በሩ ደረሰ። እጁ መቃኑን ያዘ።

ልጅቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ይቺ ግን ውሸት ናት» አለች።

«የቷ?» አለች ግራ እጅ።

«በሩን መያዟ። የምትሄድ ልጅ በር አትይዝም፣ እማ። ማን መጣልኝ ብላ ዞር ዞር ነው የምትለው።»

ግራ እጅ ግራ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው። «ይሆናል» አለች። እኔ ልናገር ስል በዓይኗ ተቆጣችኝ። ፊልሙ አለቀ፤ ስሞቹ እየሮጡ ወጡ፤ ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አጠበች።

ሻንጣዋን ይዤ መናኸሪያ ልሸኛት ወጣሁ። እንዳልናገር በዓይን መቆጣት እስከ በሩ ነው የሚሠራው፤ መንገድ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የተቃጠለውን መብራት፣ የአዳራሹን ባለቤት፣ የማን እጅ ምን እንደያዘ፣ በጥቁር ልብስ መሮጧን። እጁ የምትሄደው ልጅ እጅ ሳይሆን የምትቀረው እናት እጅ እንደነበር። ልጅቷ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። መኪና ጡሩንባ ነፋብን።

«ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ?»

«እሷ አልቻለችም፣ ልጄ።»

«እናቴ እኮ አፍ አላት» አለች። እንባዋ መጣ፤ የተናደደ ሰው እንባ ነበር። «ለአሻንጉሊት እጅ የነገረችውን ለኔ በአፏ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ ፊልም ተመልካች ነኝ? ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ነው የጠበቅኩት።» ሻንጣዋን ከእጄ ወሰደችና አውቶብሱ ላይ ወጣች። እስኪሄድ ልቁም ስላት ይሂዱ አለችኝ።

ተመለስኩ። ግራ እጅ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ተውኳት ናት። «ነገርካት አይደል?» አለችኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳት። አልተቆጣችም። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለች። የስልኩ ድምፅ ከፍተኛ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል።

«አቤት እማ» አለች ልጅቷ።

«ደረስሽ?»

«ኧረ ገና ነኝ። አውቶብሱ እንኳ አልተነሳም።»

ግራ እጅ ስልኩን በግራ እጇ ይዛለች። በቀኝ እጇ አንሶላውን ጨብጣለች። እኔ በልቤ፣ በይ፣ በይ እንጂ፣ እላለሁ።

«የዚያን ቀን...» አለች።

«እ?» አለች ልጅቷ። ከጀርባዋ የረዳቱ ጥሪ ይሰማል። «የዚያን ቀን ምን፣ እማ?»

«የዚያን ቀን... ሹራብሽን ረስተሽ ነው የሄድሽው። ሰማያዊውን።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ።

«እኔ ጋ ነው ያለው። አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።»

የአውቶብሱ ሞተር ተነሳ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ ከበፊቱ ዝግ ያለ፣ ንዴቱ የወጣለት ድምፅ።

«አሁንማ አይበቃኝም እኮ፣ እማ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች ግራ እጅ።