ባለ ቢጫው ሰባት ቁጥር

የክለባችንን ዋና ቡድን ማየት ከተውኩ ቆየሁ። ዋናው ቡድን የሚታየው ውጤቱን ለማወቅ ነው፤ ውጤቱን ደግሞ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ማንም ይነግረኛል። እኔ የማየው የተስፋ ቡድኑን ነው፤ ገና ጢም ያላበቀሉትን፣ ነገ ወደ ዋናው ያድጋሉ የሚባሉትን። እሱንም ቢሆን የምወደው የውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ነው። ጥቅምት ገብቶ ቀራንዮ ያለው ሜዳችን ጭቃው ሲደርቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ለሙከራ ይመጣል። ማን ይሆናል፣ ማን አይሆንም የሚባለው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ነው።

ከሜዳው በላይ በኩል ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። አንደኛው ጡረታ የወጣ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከአየር ጤና ሜክሲኮ ሲመላለስ አርጅቶ፣ አሁንም ሲያወራ እጁ ማርሽ ይቀይራል። ሁለተኛው አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ለእሱ ልጅ ሁሉ ወይ ኦሪጅናል ነው ወይ ቻይና። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። ከዚያ የተረፈኝ ሁለት ነገር ነው፤ የወገብ ሕመምና ቀን ሳልጽፍ ሌላ ነገር ያለመጻፍ ልማድ። ስለዚህ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ሙከራው አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ክለቡ ለሙከራ ማልያ አይሰጥም፤ ልጆቹ ከቤት ያገኙትን ለብሰው ይመጣሉ። ስልሳ ልጅ አቧራ ውስጥ ሲራወጥ ስም የሚያውቅ የለም። እኛ በልብሳቸው ነው የምንጠራቸው፤ ባለ ቀይ ካልሲው፣ ባለ ኮፍያው በረኛ፣ ባለ ትልቅ ቁምጣው። እኔ ቀኑንና ሳምንቱን እጽፋለሁ፣ ልብሱን እጽፋለሁ፣ ከአስር ስንት እንደሰጠሁት እጽፋለሁ። በመጨረሻ አሰልጣኙ ሃያ አምስት ልጅ ሲመርጥ፣ ግራ ከገባው ወደ ካቡ ወጥቶ ይጠይቀናል። ኳስና መረብ በመዋጮ የምንገዛው እኛ ስለሆንን ቃላችን ይሰማል። አሁን ሳስበው ምን ዓይነት ቅብጠት ነው ያሰኘኛል።

ዘንድሮም ጀምረናል።

“ይሄ ባለ ቀይ ካልሲው ኦሪጅናል ነው፤ ዝም ብለህ ስጠው” አለኝ ባለ መለዋወጫው የመጀመሪያው ሰኞ።

“ሩጫ ነው ያለው እንጂ ኳስ የለውም። አምስት።”

“አንተ እኮ ለገዛ ልጅህም ከስድስት በላይ አትሰጥም።”

“ልጄ ኳስ አይችልም።”

ሹፌሩ ሳቀና በእጁ ወደ ማዶ ጥግ አመለከተ። “ያ ባለ ቢጫውስ? ጥሩ ይገፋል።”

እኔ ባለ ቀይ ካልሲው ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። “አላየሁትም” አልኩ።

“ፊት ለፊትህ ነው እኮ ያለው።”

“አላየሁትም አልኩህ።”

ሁለቱ ተያዩና ተዉኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቢጫ ለለበሰ ልጅ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ያኔ እነሱም እዚሁ ካብ ላይ ነበሩ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ለሙከራ ከመጡት መካከል አንድ ቢጫ ማልያ የለበሰ ልጅ ነበር። ጀርባው ላይ ከጥቁር ጨርቅ ተቆርጦ በእጅ የተሰፋ ሰባት ቁጥር አለ፤ ሰባቱ ወደ ጎን ዘመም ያለ። እናቱ እንደሰፋችው ያስታውቃል። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ ቀጭን ነው፤ ከካቡ ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ታዲያ ይህ ልጅ አንድ ሳምንት ሲመጣ ኳስ እንደ ውሻ የምታሳድደው ይመስላል፤ ይሸሻታል። በሌላው ሳምንት ደግሞ በግራ እግሩ ሲቀበላት ድምፅ እንኳ የላትም። ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ ማንም ያላሰበው ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። የትኛው ሳምንት የትኛው እንደነበር ከጊዜ ብዛት ከራሴ ጠፍቶ ነበር። ደብተሩ ላይ ግን አለ።

አሰልጣኙ አንድ ቦታ ቀርቶት ወደ እኛ ወጣ። “ባለ ቢጫው ይሻላል ወይስ ባለ ትልቅ ቁምጣው?” አለ።

እኔም እግሬን አነባብሬ ፈረድኩ። “አንድ ሳምንት ወርቅ፣ አንድ ሳምንት ጭቃ። እግር አለው፣ ልብ የለውም። ሲፈልግ ይጫወታል፣ ሳይፈልግ ይለግማል። እንዲህ ያለውን ዋናው ቡድን ድረስ ተሸክመህ አትዘልቅም። ይቅርብህ።” ጓደኞቼ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አሰልጣኙም ስሙን ሰረዘው።

ቅዳሜ ስም ተነበበ። ያለቀሰ አለ፣ የተሳደበ አለ። ባለ ቢጫው ግን ወደ ካቡ ወጣና ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

“ጋሼ፣ ስንት ሰጡኝ?” አለኝ።

ድፍረት አልነበረበትም፤ በትህትና ነው የጠየቀው። እኔ ደብተሩን ዘጋሁ። የሰው ካርድ አለማሳየት ካርድ ክፍል የለመደብኝ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ልጁ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ዞሮ ወረደ። ያ የዘመመው ሰባት ሜዳውን አቋርጦ አስፋልቱ ጋ እስኪደርስ በዓይኔ ተከተልኩት።

ዓመት ከምናምን ሳይሞላው በሱዳን በኩል ወጣ ተባለ። ከሊቢያ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ወሬውን ያመጣው ባለ መለዋወጫው ነው፤ ከደንበኞቹ ሰምቶ። እናቱ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ሞተ ብሎ የነገራት የለም፣ አለ ብሎ የነገራትም የለም። እኔ ከዚያ ወዲህ ቢጫ ነገር ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስም ቢሆን። ሜዳው ባዶ ሲሆን ማዶ ጥግ ላይ ቆሞ አየዋለሁ። ማንም እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሆኖም አየዋለሁ። ደግሞ አይሄድም፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው አቋቋም ነው ያለው።

ዘንድሮ ሁለተኛው ሰኞ ላይ አንድ ወጣት በካቡ ጫፍ በኩል መጣ። የጋራዥ ቱታ ለብሷል፤ እጁ ግራሶ በግራሶ ነው። ቱታው ደረቱ ላይ ተከፍቶ ውስጥ የለበሰው ይታያል። የታጠበ፣ የነጣ ቢጫ። ፊቱን ቀና ብዬ ሳይ የዚያው ልጅ ፊት ነው። መጣ፣ አልኩ በሆዴ።

“ጋሼ፣ ደብተሩን የሚይዙት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ።”

“ወንድሜ እዚህ ሞክሮ ነበር፤ የዛሬ ስምንት ዓመት። ይሄን ማልያ ነበር የሚለብሰው።”

አጠገቤ እንዲቀመጥ ቦታ ለቀቅኩለት። “አስታውሰዋለሁ” አልኩት።

“ሊሄድ ሲል ነው የነገረኝ። ‘ስንት ሰጡኝ ብዬ ሽማግሌውን ብጠይቃቸው ደብተሩን ዘጉብኝ’ አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ግን እኔ የሱን ሳቅ አውቀዋለሁ።” እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። “ስንት ሰጥተውት ነበር?”

“ዘጠኝ” አልኩት። አልዋሸሁም። በጭንቅላቴ የቀረው ዘጠኙ ነበር።

ልጁ ጉንጩን ነፋ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። “አውቅ ነበር” አለ። “ያበላሸሁበት እኔ ነኝ።”

ከዚያ ነገረኝ። የተመዘገበው ታላቁ ነው። አንድ ቀን የቀረ ልጅ ደግሞ ይሰረዛል። ሁለቱም የሚማሩት በፈረቃ ነው፤ አንደኛው ጠዋት ሲገባ ሌላው ከሰዓት ይገባል፣ በሳምንቱ ይቀያየራሉ። ታላቁ ከሰዓት በሚማርበት ሳምንት ቦታው እንዳይሰረዝ ታናሹን ይልከዋል። ታኬታው አንድ፣ ማልያው አንድ። ፊታቸው ይመሳሰላል፤ ጭራሽ እንዳይለዩ ሁለቱም ራሳቸውን ተላጩ።

“ሁለተኛውና አራተኛው ሳምንት የመጣሁት እኔ ነበርኩ” አለኝ። “ኳስ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እኔ ምን እችላለሁ? እንዳልታወቅ እንኳ እየፈራሁ ነበር የምጫወተው። እኔን አይተው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ኳስ ነክቼ አላውቅም።”

ለካ ሁለት ነበሩ። ልቡ ያልረጋ ሰነፍ ልጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንድ ማልያ የለበሱ ሁለት ልጆች ነበሩ። የሁለት ሰው ካርድ እንዳይደባለቅ ሠላሳ ዓመት ዓይኔን ያጠፋሁ ሰውዬ፣ ሁለት ሰው በአንድ ስም መዝግቤ ፈረድኩ። ልጁ ተነስቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ማታ ከአልጋ ሥር ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁ። ባለቤቴ ስለ አቧራው ስትነጫነጭ አልሰማኋትም። የዚያን ዓመት ደብተር አገኘሁት። አንደኛ ሳምንት፣ ባለ ቢጫው፣ ሦስት፤ ኳስ ይፈራል። ሁለተኛ ሳምንት፣ ዘጠኝ፤ ግራ እግር፣ ዓይን አለው፣ ይሄ ያድጋል። ሦስተኛ ሳምንት፣ ሦስት። አራተኛ ሳምንት፣ ዘጠኝ።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። ሁለተኛውና አራተኛው ዘጠኝ ናቸው። ያ በግራ እግሩ ኳስ የሚያስተኛው፣ ይሄ ያድጋል ብዬ የጻፍኩለት፣ ከሰዓታት በፊት ግራሶውን እየጠረገ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ነበር። ያኔ አሥራ አምስት ቢሆነው፤ ዛሬ ሃያ ሦስት። ስምንት ዓመት ያለ ኳስ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደብተሩን ባሳየው ወንድምህን ያስጣልከው አንተ አይደለህም ማለቴ ነው፤ ሸክሙ ይወርድለታል። ግን በዚያው ወንድምህ ሦስት ነበር፣ አንተ ደግሞ መሆን የምትችለውን ሳትሆን ቀረህ ማለቴ ነው። ባላሳየው ደግሞ ዕድሜ ልኩን በሐሰት ራሱን ሲበላ ይኖራል። በሁለቱም በኩል በዳዩ እኔው ነኝ። ረቡዕ ደብተሩን ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤ ወጣሁ፤ ምን እንደማደርግ ግን አልወሰንኩም።

ልጁ መኪና ሊያደርስ ቀራንዮ መጥቶ ነበርና ጎራ አለ። እንደ ሰኞው አጠገቤ ተቀመጠ። ትልቅ ቁምጣ የለበሰ ተከላካይ ኳሷን ወደ ላይ ሲጠልዛት በቀጥታ ወደ እኛ መጣች። ጓደኞቼ ራሳቸውን ያዙ። ልጁ ተነሳ። በዚያ በከባዱ የጋራዥ ጫማ፣ በግራ እግሩ ተቀበላት። ድምፅ አልነበራትም። ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ከካቡ ላይ ሆኖ ሜዳው መሃል የቆመው አሰልጣኝ እግር ሥር አስቀመጠለት። ወዲያው ነውር የሠራ ሰው መስሎ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

የሹፌሩ እጅ ማርሹ ላይ ቀረ። ባለ መለዋወጫው አንገቱን አስግጎ “ይሄ የማነው?” አለኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ደብተሩን አውጥቼ ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። “ወንድምህን ያስጣልኩት እኔ ነኝ” አልኩት። “ሁለት መሆናችሁን አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያንተ አይደለም። አንብበው።”

አነበበ። ጣቱ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደርሶ ቆመ፤ የግራሶ አሻራ ታተመበት። ወደ አንደኛው ተመለሰ። ወደ አራተኛው ወረደ። ሜዳው ላይ አሰልጣኙ ፊሽካ ሲነፋ እንኳ ቀና አላለም።

“ጋሼ፣ ሳምንቱ ተዛብቶብዎታል” አለኝ በመጨረሻ።

“አልተዛባም፣ ልጄ።”

“ተዛብቷል። ይሄ ዘጠኙ የሱ ነው። ሦስቱ ነው የኔ።” ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል፤ ዓይኑ ላይ ያስታውቃል፤ ሁሉም ገብቶታል። “ሰኞ ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ዘጠኝ ነው የሰጡት አልኳት። በስንት ዓመቷ ሳቀች። ‘እኔ የሰፋሁትን ለብሶ’ አለች።”

ደብተሩን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

“ያስተካክሉልኝ” አለና ደብተሩን ጭኔ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ሠላሳ ዓመት ካርድ ክፍል ስሠራ፣ ከዚያም እዚህ ካብ ላይ ስቀመጥ፣ የጻፍኩትን ቀን ሰርዤ አላውቅም። እስክሪብቶ አወጣሁ። አንደኛ የሚለውን ሰርዤ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ የሚለውን ሰርዤ አንደኛ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛውንና አራተኛውንም እንደዚያው። ልጁ እስክጨርስ ድረስ እጄን ሲያይ ነበር። ስጨርስ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆለፈና ወደ ጋራዡ ሄደ።