የአክስቴ ወረንጦ

አክስቴ ሰው ፊት የምትቀርበው ታጥባ፣ ተበጥራ፣ ነጠላዋን አሳምራ ነው። ይኸው ልማዷ ከሕክምና ሊያስቀራት ነበር።

ያኔ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ በጋፋት በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። የባሕር ማዶ ሐኪሞች ከእኛ ሐኪሞች ጋር አንድ ጥናት ጀመሩ። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ አጥፎ ዓይናቸውን የሚወጋቸውን ሰዎች በሁለት መንገድ ቀዶ እያከሙ፣ የትኛው እንደሚሻል ለማየት ነው። እኔ አስተርጓሚም ሆንኩ። አክስቴን ለምኜ አመጣኋት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስትታወር ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

እንግዳዋ ሐኪም ስትገባ አክስቴ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው ብድግ አለች። «በሞቴ፣ አንቱ ይቀመጡ!» አለቻት። ሐኪሟ ተቀምጣ የአክስቴን ዓይን ገልጣ ብታይ፣ ብታገላብጥ፣ ዓይን የሚነካ አንድም ፀጉር የለም።

«በደንቡ መሠረት እኚህ ሴት ጥናቱ ውስጥ አይገቡም» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ብርሃን ባየች ቁጥር ዓይኗ የሚያነባ ሴት ጤነኛ ነሽ ልትባል! ሐኪሟ ግን አልተነሣችም። ማጉያ መነጽሯን አድርጋ እንደገና ጠጋ አለች፤ አጫጭር የፀጉር ጉቶዎች አየች።

«ማን ነቀለው?»

አክስቴ አፈረች። ከማተቧ ጎን በክር ያንጠለጠለችውን ወረንጦ አውጥታ አሳየች። «ጎረቤቴ ትናንት ለቀመችልኝ። እንዲያ ያለ ዓይን ይዤ እንግዳ ፊት ልቅረብ እንዴ?»

ውጭ የተሰለፉትን ጠየቅን። ሴቶቹ ሁሉ ለእንግዳ ክብር ነቅለው ነበር የመጡት።

አብሮን የነበረው የእኛው ሐኪም ሳቀ። «ይህን ደንብ የጻፈ ሰው ወረንጦ አይቶ አያውቅም!»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች እንግዳዋ ሐኪም።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደ እሱ ስባ «በል፣ አስተምረኝ» አለችው። የተማረ ሰው ስሕተቱን እንዲህ በቀላሉ ሲቀበል ብዙ አላየሁም፤ ሴትዮዋን ወደድኳት። የእኛውም ሰው ሳቁን ዋጥ አድርጎ በትዕግሥት ሲያስረዳት ኮራሁበት። ደንቡን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያርሙ ዋሉ።

የታረመው ደንብ እዚህም ባሕር ማዶም ፈቃድ እስኪያገኝ መጠበቅ ነበረብን። እስከዚያ አክስቴ እንዳትነቅል ተነገራት፤ ፀጉሩ በቅሎ የሚወጋበት ቦታ መታየት አለበት። ለተናጋሪው ቀላል ነው። አክስቴ ጥቂት አሰበችና ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ለሐኪሟ ሰጠቻት።

«መያዣ ይሁንዎት። እኔ ዘንድ ካለ አያስችለኝም።»

ሐኪሟ እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ስትመላለስ አንድም ቀን አላወለቀችውም።

ፈቃዱ መጣ፤ ሁለቱ ሐኪሞች አብረው ቀዶ ሕክምናውን አደረጉላት። በማግስቱ ፋሻው ተነሣ። አክስቴ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠች። እንባ የለም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ሐኪሟ ወረንጦውን ልትመልስላት ጎንበስ አለች። አክስቴ ግን እጇን ወደ ሐኪሟ ነጣ ያለ ወርቃማ ፀጉር ሰደደች፤ ዳሰሰችው፤ ፊቷንም ትክ ብላ አየችው።

«ውይ! እኔ ሽበት መስሎኝ! ይህን ሁሉ ጊዜ ብድግ ስል የከረምኩት ለዚች ልጅ ነው?»

ጉንጯን ይዛ አገላብጣ ሳመቻት። ወረንጦውም እዚያው ልጅቷ አንገት ላይ ቀረ።