የበርሜሉ ድንጋይ

ወንድሜን ያጣሁት የእናታችንን ብር ባጠፋ ጊዜ አይደለም። ያኔ ተናደድኩ፣ ተሳደብኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ፤ እሱን ግን አላጣሁትም ነበር። ያጣሁት ከታረቅን በኋላ ነው፣ ያውም በአንድ ድንጋይ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እስቅ ነበር።

ሦስት ነን። ታላቃችን ወንድ ነው፤ ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። መሃል ላይ እኔ አለሁ፣ እናቴ ምላሴን አይታ “ቃሪያዋ” የምትለኝ። ከእኔ በታች እህቴ አለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ እግሯ እሺ አልላት ብሎ ከእናታችን ቤት ወጥታ የማታውቅ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ጋሼ ገና ጢም ሳያበቅል አባት ሆነብን። ደብተር የሚገዛልን እሱ ነበር። “ወላጅ ይዘሽ ነይ” ስባልም ወላጅ ሆኖ የሚመጣው እሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ እባላለሁ። አስተማሪዎቼ ፊት እጁን አጣምሮ ይቆምና “ሁለተኛ አይለምዳትም” ይላል። ይለምደኝ ነበር።

እናታችን ከጎጃም መጥታ ጦር ኃይሎች አካባቢ በርበሬና ሽሮ ስትሸጥ ኖራ ነው የሞተችው። ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው ብር ባንክ ነበር፤ ለምን እንደሆነም ሁላችንም እናውቃለን። ቀራንዮ ባለው ግቢያችን ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሊሠራበት፣ እህቴም በኪራዩ የሰው እጅ ሳታይ ልትኖር። እናቴ እኔንና ጋሼን “እናንተ እግር አላችሁ” ትለን ነበር። ከዚህ ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም።

አርባዋ ወጥቶ፣ የወራሽነቱም ጉዳይ አልቆ፣ ለጋሼ ውክልና ልንሰጥ ውልና ማስረጃ ሄድን። በረንዳ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ሁለት ገጽ ጽፎ ሰጠን። ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ “አንብባችሁታል?” አለችን። አላነበብነውም። ጋሼ አጠገባችን ቆሟል። እሱ እያየን ወረቀት ገልጦ መስመር በመስመር ማንበብ “አላምንህም” ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር አይተናነስም፤ ያንን ደግሞ በእኛ ቤት ማንም አያደርገውም። “አዎ፣ አንብበናል” ብለን ፈረምን። አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ልጆችን “ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ” ስል ነው የምውለው። ያን ቀን የፈረምኩት ወረቀት ብሩን ማውጣትም ማንቀሳቀስም ለእሱ ብቻ የሚሰጥ ነበር።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አንድ ሲኖትራክ ሙሉ የመሠረት ድንጋይ መጥቶ በራችን ጋ ተራገፈ። እህቴ ያን ቀን ለሾፌሩም ለጫኝና አውራጁም ምሳ አበላች። ከዚያ ወዲያ ጸጥ አለ። ስንጠይቀው ጋሼ “ሲሚንቶ ይርከስ” ይለናል። በዚህ አገር የወጣ ዋጋ ሲወርድ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ግን ማን ይናገረዋል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ክረምት ገባ፣ ወጣ። ድንጋዩ መሃል ሣር በቀለ፣ የጎረቤት ድመት ወለደችበት። ጋሼ ለበዓል ሲመጣ ክምሩን ላለማየት ፊቱን ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አዙሮ ያልፋል። እኔ ሃይማኖት ያጠነከረ መስሎኝ ነበር።

ጉዱ የወጣው በሲሚንቶው ነው። የአንዲት ተማሪዬ አባት ሲሚንቶ ያከፋፍላል፤ ነገሩን ሲሰማ “ለአንቺማ በመጣበት ዋጋ እሰጥሻለሁ” አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ለጋሼ በስልክ መናገር አልፈለግኩም፤ ጦር ኃይሎች አንድ ጁስ ቤት ተቀጣጠርን። አቮካዶ አዘዘልኝ፣ ለራሱ ምንም አላዘዘም።

“ሲሚንቶ ተገኘ!” አልኩት፤ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው እየሳቅኩ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ናፕኪን ማጣጠፍ ጀመረ። አጣጠፈ፣ አጣጠፈ።

“ብሩ የለም” አለኝ።

ጓደኛው ያገለገሉ መኪኖች እያመጣ ይሸጣል። ጋሼ “ለጥቂት ወር ብቻ” ብሎ ብሩን ሰጠው፤ በትርፉ ሁለቱን ክፍል አራት ሊያደርጋቸው። የመጀመሪያው ትንሽ ትርፍ ሲመጣ የቀረውንም ጨመረለት። ከዚያ መኪናውም አልመጣ፣ ጓደኛውም ስልክ አላነሳ። ብሩን ውሃ በላው።

“ለእናንተ ብዬ ነው” አለኝ።

ያቃጠለችኝ ይህቺ ቃል ናት። ጠጥቼበት ነው፣ ሴት ወድጄበት ነው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ብድግ ብዬ “አንተ አደራ በላ!” አልኩት። ጁስ ቤቱ ሁሉ ዞረ። በልጅነቴ ስለ እኔ ብሎ አስተማሪ ፊት እጁን አጣምሮ እንደሚቆመው፣ ተቀምጦም እንኳ እጁን አጣምሮ ነበር። ጁሱን ሳልነካው ወጣሁ።

እከሰዋለሁ አልኩ። ጠበቃ ጠየቅኩ። እህቴ ግን ለጠበቃው አልፈርምም አለች። አልጋዋ ግርጌ ተቀምጬ ስለ መብቷ ብዙ ሰበክኳት። ስጨርስ “እትዬ፣ ብሩስ ሄዷል” አለችኝ፤ “ጋሼም ይሂድ?”

ጠበቃውን ተውኩት።

ሽማግሌዎች የመጡት እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ የእናታችን የነፍስ አባት፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ አንድ የሰፈራችን አዛውንት። “ተቀመጡ” ብንላቸው እምቢ አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ጋሼ ውጭ ነበር። ሲጠሩት ጎንበስ ብሎ ገባ። በራችን ጋ ካለው ክምር አንድ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል፣ በሁለት እጁ ደግፎ።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመን የእናታችን አገር ወግ ነው። አባቱን ያስቀየመ ጎረምሳ ሲያደርገው አይቻለሁ። ታላቅ ለታናሾቹ ሲያደርገው ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። የተሸከመው ሰው ድንጋዩን በራሱ ፈቃድ አያወርድም፤ የተበደለው “ጣለው” ሲለው ነው የሚጥለው።

እህቴ ገና ስታየው “ጣለው ጋሼ! ኧረ በማርያም ጣለው!” ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ያ የማያርፍ ምላሴ የዚያን ቀን ዐረፈ። ጋሼ ወገቡን እንደሚያመው አውቃለሁ። ላቡ ከአገጩ ወደ ወለሉ ሲንጠባጠብ አየሁ። በሆዴ “ትንሽ ይቁም” አልኩ።

ቄሱ ቀስ ብለው “ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም” አሉኝ።

“አባ፣ እሱ እኮ የበላው የእኔን አይደለም። የእሷን እንጀራ ነው።”

“እሷማ ይቅር ብላለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ።”

“እንግዲህ ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ” አልኩ። “ጣለው” የሚለውን ቃል ግን አልተናገርኩም። መቅረቱን ያስተዋለም ቃሉን የጠበቀም ያለ አልመሰለኝም፤ የእድሩ ሰብሳቢ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ ተቀብለው አወረዱለት። ተሳሳምን፣ ተመረቅን፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ምሳ ተበላ። ጋሼ ከደሞዙ በየወሩ ለእህቴ ሊሰጥ ቃል ገባ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ “እንዲህ ነው እንጂ እህትና ወንድም!” አለ። ይቅርታዬ ከአንገት በላይ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ወጉ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ከዕርቁ በኋላ ድንጋዩን ማን ወደ ክምሩ ይመልሰዋል? ማንም አልመለሰውም። ከቤት ወጥቶ በረንዳው ሥር ተቀምጦ ከረመ። ቀራንዮ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የእህቴ በርሜል ሞልቶ ያድራል፣ ክዳኑን ደግሞ ነፋስ ይወስድባታል። እሷም በቅርብ ያገኘችውን ድንጋይ አንስታ ክዳኑ ላይ ጫነችው። ለእሷ ድንጋይ ድንጋይ ነው። እኔ ግን አወቅኩት። አንዱ ጎኑ እንደ ሸክላ ቀላ ያለ ነው፤ ያን ቀን ያ ጎን ወደ እኔ ነበር። ከምኖርበት ከዓለም ባንክ ሰፈር ልጠይቃት በመጣሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ደስ ይለኛል። ማፈሬ አልቀረም፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ በቃሉ ጸና። በየወሩ ብሩን ይዞ ይመጣል፣ ከእህቴ ጋር ይጫወታል፣ አምፖል ይቀይርላታል። ከእኔ ጋር ሰላምታችን ንጹሕ ነበር፤ ልክ እንደ ጎረቤት። ጊዜ ሲያልፍ ይለሰልሳል ብዬ ተውኩት።

የእናታችን ሙት ዓመት ደረሰ። ግቢው በእንግዳ ሞልቷል፣ ቧንቧው እንደ ልማዱ ደርቋል። እኔ ዳቦ እየቆረስኩ ነው። በእኛ ቤት እንግዳ የሚያስታጥብ ምንጊዜም ጋሼ ነው፤ ታላቅ ሆኖ ሳለ ይህን ሥራ ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። ማስታጠቢያውን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ወደ በርሜሉ ሄደ። ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳው። ከዚያ እንደያዘው ቆመ።

ከቆረስኩት ዳቦ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አውቆታል። ለካ እሱም ያንን ቀይ ጎን ያውቀዋል፤ ከክምሩ የመረጠው እሱ አይደል።

“ወዴት ላድርገው?” አለኝ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ጠየቀኝ እንጂ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ይህን ዛሬ አልጽፈውም። እጄ ዳቦ ላይ ነው፣ ቄሶቹ እየጠበቁ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ያቺ አሮጌ ቂም አለች።

“እዚያው መልሰው” አልኩት።

ውሃውን ቀዳ። ክዳኑን ገጠመ። ድንጋዩን መለሰ፣ እንዳይንሸራተትም በእጁ አስተካከለው። እንግዶቹን አንድ በአንድ አስታጠበ። ገበታ ሲቀርብ ፈልጌ አጣሁት፤ ለእህቴ “ሥራ አለኝ” ብሏት ወጥቷል።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ብሩ ግን በየወሩ፣ ሳይዛነፍ፣ በስልክ ይገባል። በእሱም የአንዱ ክፍል መሠረት ወጥቶ ግድግዳው ተጀምሯል። እህቴ ብሩ ሲገባ የሚመጣውን መልእክት ታሳየኝና “አይ ጋሼ! ይኸው፣ ረስቶን አያውቅም” ትለኛለች፣ ልታጽናናኝ። እኔ ስልኩን እመልስላትና ወደ ሌላ ወሬ እገባለሁ። ብሩ እየተመለሰ ነው። እሱን አላየሁትም።

ባለፈው እሁድ ሄጄ በርሜሉ ጋ ቆምኩ። እህቴ ወጥ ቤት ናት፣ በሩ ክፍት ነው። ድንጋዩን አነሳሁት። ከሚመስለው ይከብዳል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣል አድርጌ ማጅራቴ ላይ ጫንኩት። ወዲያው አንገቴ ወደ ታች ተሰበረ፤ የማየው ጫማዬን ብቻ ሆነ። ጋሼ ያን ቀን ፊቴን ማየት እንኳ አይችልም ነበር ማለት ነው። ድምፄን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬው ነበር።

“እትዬ! ምን ሆነሻል?” የእህቴ ጩኸት ከወጥ ቤት መጣ። “ጣይው! ኧረ ጣይው!”

አንዲት ትንፋሽ እንኳ አላስጠበቀችኝም። ጣልኩት። በቁሜ አለቀስኩ፤ እሷም እግሯን እየጎተተች መጥታ ምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ አቀፈችኝ።

ክዳኑ ላይ ብሎኬት አኖርንበት። ድንጋዩን ግንበኛው እንዲሠራበት ክምሩ ውስጥ ቀላቀልኩት። ከዚያ ለጋሼ ደወልኩ። አያነሳም ብዬ ነበር፤ አነሳ። ሰላም ተባባልን፤ ልጆቹ ደኅና፣ ወገቡ ደኅና፣ ሁሉ ደኅና።

“ጋሼ፣ ያንን ድንጋይ ከበርሜሉ ላይ አንስቼዋለሁ” አልኩት። “ጣለው ሳልልህ ቀርቼ ነበር። ይቅር በለኝ። እሁድ ና፣ አብረን ምሳ እንብላ።”

ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል።

“ኧረ ምንም አይደል፣ እኔማ ረስቼዋለሁ” አለኝ፣ በዚያ በለስላሳ ድምፁ። “ሲመቸኝ እመጣለሁ።”

ይህን አነጋገሩን አውቀዋለሁ። ሲሚንቶ ሲረክስ ማለቱ ነው።