ሦስት ጊዜ «ሴንት ፖል»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ካለው ቢሮዬ ሆኜ፣ እዚያው ሚኒሶታ ሴንት ፖል የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸውን አንዲት እናት እንደ ሳምንቱ ልማዳችን በስልክ እያነጋገርኩ ነበር። ይህን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያነት ፈቃዴን ካገኘሁ ዓመት አልሞላኝም፤ እሳቸውም በአማርኛ የሚያናግራቸው ሌላ ባለሙያ አላገኙም።

«የኔ ልጅ፣ የዚህ አገር ነፋስ እኮ ሰው ይጥላል!» አሉኝ እየሳቁ። «ሚኒሶታ በስንት ጣዕሙ!»

«እማማ፣ የት ሆነው ነው?»

«ሱ ፎልስ፣ ልጄ ቤት ነኛ! ሦስት ሳምንት አለፈኝ። አልነገርኩሽም እንዴ?»

ሱ ፎልስ ሌላ ስቴት፣ ሳውዝ ዳኮታ ነው። የእኔ ፈቃድ የሚሠራው ሚኒሶታ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ስቴት ያለን ሰው ለማነጋገር የሚያስችል፣ በስቴቶች መካከል የተደረገ ስምምነት እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ለእሱ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፣ እኔም አላመለከትኩም።

«ዛሬ እዚህ ላይ ማቆም አለብን። እዚያ ሆነው ላነጋግርዎት አልተፈቀደልኝም።»

«ስልክ እኮ ነው! ስልክም ቪዛ ይጠየቃል?»

«ፈቃዴን ሊቀሙኝ ይችላሉ፣ እማማ።»

«ማን ሰምቶ? አማርኛችንን ማን ያውቀዋል? አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም።»

ለደህንነታቸው ብዬ የልጃቸውን አድራሻ ስጠይቃቸው ድምፃቸው ወረደ። «ልትከሺኝ ነው?»

«እርስዎን አይደለም፤» አልኩ። ልጃቸው አጠገባቸው መሆኗን አረጋግጬ ስልኩን ዘጋሁ።

ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከየቀጠሮው በኋላ በምንሞላው ፎርም ላይ «ደንበኛው ያለበት ቦታ» የሚል ሳጥን አለ። ስልኩ እንደተነሳ ጠይቆ መሙላት ነው ደንቡ። እኔ ግን በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴትን «የት ነዎት?» ማለት መቆጣጠር መስሎ ይሰማኝ ነበር። ጤናው፣ ልጆቹ፣ በረዶው እየተባለ ሰላምታው ይረዝማል፤ ጥያቄው ይቀራል። ያለፉትን ሦስት ፎርሞች ከፈትኳቸው። በሦስቱም ላይ «ሴንት ፖል፣ ቤታቸው» ብያለሁ። አንድ ቀን ክፉ ነገር ቢደርስባቸው ኖሮ አምቡላንስ የምልከው ሴንት ፖል፣ ስኔሊንግ መንገድ አጠገብ ወዳለው ባዶ አፓርታማ ነበር።

አራተኛውንም እንዲሁ መሙላት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ሳጥኑን ባዶ ትቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት ድራይቭ ሳደርግ የፖሊስ መኪና ከኋላዬ መጣና የፍጥነት መለኪያውን ደጋግሜ አየሁ። አልፎኝ ሄደ። እናቴ የፈቃዴን ኮፒ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እራት ስበላ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። «አመመሽ?» አለችኝ። ደከመኝ አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቴን ሳላወልቅ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት።

«ስንት ጊዜ?»

«የትናንቱን ጨምሮ አራት።»

ፎርሞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ ራስሽ ትጽፊያለሽ፤» አለችኝ።

«ምን ይሉኛል?»

«አላውቅም።»

እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩ። በሦስቱ ፎርሞች ሥርም የዕለቱን ቀን አስገብቼ «አልጠየቅኩም» የሚል ማረሚያ ጨመርኩ። ከዚያ፣ ሱ ፎልስ መሥራት የተፈቀደለት ባለሙያ እየፈለግሁላቸው መሆኑን ልነግራቸው ለእማማ ደወልኩ።

«የኔ ልጅ! እንዴት አደርሽልኝ?»

«እማማ፣ አሁን የት ነዎት?» አልኳቸው።