ለቱርክ የተያዘ ወንበር

ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዐብዱልከሪም ሱቅ ነበር። ዐብዱልከሪም ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ያከራያል። ይኸማ ምን ይደንቃል፣ ድንኳን የሚያከራይ በየቀበሌው ሞልቷል። የዐብዱልከሪም ጉድ ሌላ ነው፤ ለሠርጉ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር አስቀድሞ ያውቃል። ባለሠርጉ "ይኸን ያህል ወንበር ስጠኝ" ሲለው ወገቡን ይዞ ያየዋል።

"የአዲ አርቃይ ዘመዶችህሳ?"

"እነሱ እንኳ ሩቅ ናቸው፣ አይመጡም።"

"ለቅሷቸው ሄደህ ነበር?"

"ሄጄ ነበር።"

"እንግዲያው ይመጣሉ። ያውም በአንድ ማኪና ታጭቀው፣ ጎረቤት አስከትለው ነው የሚመጡ። የክርስቲያን ድስትም ጨምር።"

ይመጣሉም፤ በአንድ ማኪና ታጭቀው፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው። ባለሠርጉ ምክሩን ባይሰማ ኖሮ ግማሹ እንግዳ ቆሞ ሊበላ ነበር። ዐብዱልከሪም "ይቀራል" ያለው እንግዳ፣ መንገድ ጀምሮ እንኳ ቢሆን ይመለሳል እስከመባል ተደርሶ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በሙያው ተከብሮ አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? አላረፈም፣ ዲሽ አስተከለ። እሱ "ለረመዳን የመካን ሶላት ላይበት ነው" ይላል፤ ሚስቱ ሰሚያ "ለኳስ ነው" ትላለች። የሆነ ሆኖ ዲሹን የሚያዞረው ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ "መጣ?"፣ "አልመጣም" እየተባባሉ ሳለ አንድ የቱርክ ጣቢያ ብቅ አለ። ጣቢያው ላይ የአውሮፓ አገሮች እያንዳንዳቸው ዘፋኝ ልከው በዘፈን ይወዳደራሉ። ተራቸውን የጨረሱት በየሶፋቸው ተቀምጠዋል። አንዱ ባንዲራ ያውለበልባል፣ አንዱ ጎረቤቱን ያቅፋል፣ አንዷ ፊቷን አጥቁራ ወደ ግድግዳ ዞራለች።

"ይኸማ ሠርግ ነው" አለ ዐብዱልከሪም። ጣሪያ ላይ ላለውም ሰው "ተወው፣ እንዳትነካው" ብሎ ጮኸበት።

ልብ በሉ፣ ዘፈኑን አይወድም። ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያይ። እሱን የሚያንገበግበው ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን የማንን ብድር መለሰ የሚለው ነው። ግሪክና ቆጵሮስ ነጥብ ሲሰጣጡ ባየ ቁጥር "እንዲህ ነው እንጂ ጉርብትና" እያለ ጭኑን ይመታል። ቀስ በቀስ የሚቀጥለውን ዓመት ተወዳዳሪዎች ልክ እንደ ሠርግ እንግዳ ማስላት ጀመረ። ከሱቁ ጎን ማሩ የሚባል ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው አለ፤ የሚገቡት አገሮች በታወቁ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ላይ የሚያነብለት እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዐብዱልከሪም በሩ ላይ ወንበር ደርድሮ፣ ሥራ ፈት ሰብስቦ ትንቢቱን ይናገራል።

ደግሞ ይይዝለታል እኮ። ለብዙ ዓመት የቀረችው ጣልያን በ2003 ዓ.ም. ተመልሳ እንደምትገባ አስቀድሞ የተናገረ እሱ ነው። "በምን አወቅህ?" ሲሉት ፒያሳ ወዳሉት የጣልያን ቤቶች እየጠቆመ፣ "ሳይጠራ እዚህ ድረስ የመጣ ሰው ተጠርቶ ይቀራል?" አለ። ጣልያን ገባች። በ2007 ደግሞ "ዘንድሮ ማንም የማያውቀው እንግዳ ይመጣል" አለ። "በየሠርጉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። የወንዱ ወገን የሴቷ ዘመድ ይመስለዋል፣ የሴቷ ወገን የወንዱ ይመስለዋል፣ ሰውየው ዝም ብሎ ይበላል።" አውስትራሊያ ገባች። ማሩ ካርታ ከፍቶ አየና "አያ ዐብዱ፣ ይች እኮ አውሮፓ አይደለችም፣ የዓለም ወዲያኛው ጫፍ ናት" አለው።

"ታዲያ ምን አልኩህ?" አለ ዐብዱልከሪም።

ከዓለም አገሮች ሁሉ ትንቢቱን የምታበላሽበት አንዲት ቱርክ ናት። ቱርክ በ2004 ዘፍና በዓመቱ ቀረች። ምን ሆነች ቢባል፣ ብዙ ገንዘብ የሚያዋጡት አምስት ትልልቅ አገሮች ማጣሪያ ሳይነካቸው ቀጥ ብለው ፍጻሜው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ እኛ ግን እንሰለፋለን፣ የዳኞቹ ነገርም አልጣመንም የሚል ነው ኩርፊያው። ዐብዱልከሪም በየዓመቱ "ዘንድሮ ትመጣለች" ይላል። "የተቆጣ ምሳው እራቱ ይሆናል። ይኸው ርቧታል።" አትመጣም። በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ይላል። ሰዉ ለሌላው ትንቢቱ እያደነቀው በቱርክ ይስቅበታል፤ እሱ ግን በቱርክ ነገር ቀልድ አያውቅም፣ ፊቱ ይጠቁራል።

ለምን መሰላችሁ? ዐብዱልከሪም ኩልሱም የምትባል ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቤቷ እዚያው ጎንደር፣ ቀሐ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ቡና ሳይፈላ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ቱርክ ለመጨረሻ ጊዜ በዘፈነችበት በዚያው ዓመት ትልቋን ልጁን ሲድር፣ ሰሊጥ ነጋዴ የሆኑት አማቾቹ ከሳንጃ መጡ። ዐብዱልከሪም ከሰው መካከል መዞ አወጣቸውና ለሙሽሮች ብቻ በሚያከራየው ቀይ ከፋይ የለበሰ ሶፋ ላይ በየተራ እያስቀመጠ ከሁሉ በፊት አበላቸው። ኩልሱም እንደማንም እንግዳ እጇን ለመታጠብ ተሰልፋ ነበር። ተራዋ ደርሶ ስትገባ የተረፈው ድስቶቹ አጠገብ ያለ አንድ ፕላስቲክ ወንበር ነው። ተቀመጠች፤ እግሩ ቀንጠስ አለና በጀርባዋ ተዘረረች። ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ አንዱ ሳቀ። ዐብዱልከሪምም፣ አማቾቹ እንዳይከፋቸው ብሎ ነው መሰል፣ አብሮ ሳቀ። ኩልሱም ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና ሳትቀምስ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በየዒዱ "ዘንድሮ ትመጣለች" እያለ አንድ ወንበር ይይዝላታል። ወንበሩ ባዶውን ይውላል። በመላ ጎንደር መምጣት መቅረቷን ማወቅ ያቃተው አንዲት የገዛ እህቱን ነው። በጣም ትናፍቀው ነበር፤ ግን ሄዶ ከመጥራት ይልቅ መተንበይ ይቀለዋል።

በ2010 ደግሞ ትንሿ ልጁ መርዋ ታጨች፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። በቤታቸው ወግ ሙሽራን ሂና የምትቀባ አክስት ናት። መርዋም አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ በሰው ፊት ነገረችው።

"አባ፣ አክስቴ ካልመጣች እጄን ለማንም አልዘረጋም። ሂና የሌለው ሠርግም አልፈልግም። ድንኳንህን ለሌላ አከራየው።"

"ትመጣለች።"

"ማን ነገረህ?"

"እኔ ነኛ የማውቅ። ቱርክም ትመጣለች፣ አክስትሽም ትመጣለች። ዘንድሮ ኩርፊያ የሚበርድበት ዓመት ነው።"

"ቱርክ ባትመጣስ አያ ዐብዱ?" አለ ማሩ፣ ነገር ሲጭር ደስ ይለዋል።

ዐብዱልከሪም ዙሪያውን ቢያይ ሥራ ፈቱ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እልኸኛ ነውና ሰው ፊት ማፈግፈግ አልሆነለትም። "ቱርክ ካልመጣች" አለ፣ "ያን ቀዩን ሶፋ በአንገቴ ተሸክሜ ያላችሁኝ ቦታ ድረስ እሄዳለሁ።"

"እስከ የት?" አለ ማሩ።

እዚህ ላይ ሰሚያ፣ ጥግ ይዛ የጠረጴዛ ጨርቅ ስታጥፍ የነበረችው፣ ቀና እንኳ ሳትል "እስከ ቀሐ ይሁን" አለች።

"ይሁን" አለ ዐብዱልከሪም። አላሰበበትም ምስኪን።

ኅዳር ላይ አገሮቹ ታወቁ። የማሩ ኢንተርኔት ቤት ሰው አልችል አለ፤ ፈተና ውጤት የሚያይ ተማሪ እንኳ መግቢያ አጥቶ ተመለሰ። ማሩ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። አልባንያ አለች። አርመን አለች። አውስትራሊያማ ቤቷ አድርጋዋለች። ጣልያን አለች። እያነበበ እያነበበ ሄዶ ቆመ።

"ቀጥል እንጂ" አለ ዐብዱልከሪም።

"አለቀ።"

"ወደ ታች ውረድ።"

"ታች የለውም አያ ዐብዱ፣ አልቋል።"

"ካለቀበት በታች ውረድ፣ እሷ እኮ ዘግይታ ነው የምትገባ።"

ማሩ ወረደ። ከታች የሻምፑ ማስታወቂያ ነበር። ዐብዱልከሪም ማስታወቂያውንም ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ኮፍያውን አስተካከለና ወጣ። ሰዉ ተከትሎ ወጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአዲስ ዓለም በየቀኑ አይገኝም።

ሶፋው የአንድ ሰው ነው፣ ሲነሣ ግን የአራት ሰው ይከብዳል። አራት ሆነው አንሥተው አንገቱ ላይ ጫኑለት። ጉዞ ተጀመረ። አንዷ ሴትዮ የሙሽራ ዕቃ መስሏት እልልታዋን አቀለጠችው። ያልጠየቀው ሰው አልነበረም፤ "ምን ተሸክመህ ነው?" ሲሉት "ቱርክን" ይላል፣ "ወዴት ነው?" ሲሉት "ቀሐ" ይላል። የባጃጅ ሾፌር ቆሞ "አያ፣ ልጫንልህ?" ቢለው ማሩ "አይቻልም፣ ውል ነው" ብሎ ሰደደው።

ወደ ቀሐ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ሲደርስ ዐብዱልከሪም ቀጥ አለ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ነገሩ የገባው ገና ያን ጊዜ ነው። በአገሩ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የተበዳዩ ደጅ ላይ ይቆማል። እሱም ይኸው በአንገቱ ተሸክሟል፣ ከፊቱ ያለው ደጅ ደግሞ የኩልሱም ነው። ከነሶፋው እንደምንም ዞረ።

"ሰሚያ" አለ።

ሰሚያ ከአጀቡ መካከል ሻርፗን እያስተካከለች ሰማዩን ታያለች። ደመና እንኳ አልነበረም።

መመለስ ይችል ነበር። ሰዉ ይስቅና ይረሳው ነበር። ግን መርዋ እጇን ሸሽጋ ትዝ አለችው፣ በየዒዱ ባዶውን የሚውለው ወንበርም ትዝ አለው፣ እግሩ ወደ ፊት ሄደ።

ኩልሱም በሯ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትዳምጥ ነበር። ጫጫታውን ከሩቅ ሰምታዋለች፤ አልተነሣችም። ዐብዱልከሪም ደጇ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ። በመንገዱ ሁሉ የቱርክን ነገር በቀልድ ሊያወራት ሲያጠናው ነበር፤ አፉን ሲከፍት ሌላ ወጣ።

"እቴ፣ አጥፍቻለሁ። መውደቅሽ ሳያንስ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

ኩልሱም መዳመጫዋን አስቀመጠች።

"አውርዱለት" አለች። አወረዱለት። ቀርባ አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ እየነቀነቀች ፈተሸች። "ይኸኛውስ ይችላል?"

"ይችላል እቴ።"

"ያኛውንም ደህና ነው ብለህ ነበር የምታከራየው።" ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ከፋዩ ውስጥ ሰመጠች። "ለካ ሰሊጥ ነጋዴ እንዲህ ይመቸው ኖሯል" አለች።

"ምነው እስካሁን ሳትመጪ ቀረሽ? በየዒዱ ወንበር እይዝልሽ ነበር" አለ ዐብዱልከሪም።

"ወንበር መያዝህን በምን ልወቅ? ማንን ላክህብኝ? ማን ነይ አለኝ?"

ዐብዱልከሪም ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገበት።

"የሰው ሁሉ እንግዳ ስትቆጥር ትኖራለህ፣ እኔን አንድ ቀን አልጠራኸኝም። ያች የምታወራላት ቱርክስ፣ ማን ሄዶ ለመናት?"

"እኔ እንጃ" አለ ዐብዱልከሪም።

"ታዲያ በምን እግሯ ትምጣ?" አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ለመርዋ ሂናውን ማን ነው የሚበጠብጥላት?"

"ማንም። አንቺ ካልመጣሽ እጄን አልዘረጋም ብላለች።"

ኩልሱም ተነሣች። ጥጧን ሰበሰበች፣ ቤቷን ቆለፈች፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረች። "ሸጋ ልጅ" አለች። ከዚያ ወደ ሶፋው ጠቆመች።

"አንሣው እንግዲህ።"

"እ?"

"በሠርጉ የምቀመጥ በዚሁ ነው። አምነህ እዚህ ጥለኸው ልትሄድ ነው?"

አራት ሆነው መልሰው ጫኑለት። ዐብዱልከሪም ከፊት፣ ኩልሱም ከኋላው፣ መላው አዲስ ዓለም ከእሷ ኋላ ሆኖ ዳገቱን ተያያዙት። ዐብዱልከሪም ላቡ ይንቆረቆራል፣ ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት ነበር። ኩልሱም መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ከሶፋው ላይ አላነሣችም።

"ቀስ በል" ትለዋለች፣ "እግሩን እንዳትሰብረው።"